ውሃው ወዴት ይሂድ

ሐርጌሳ ውስጥ ያረጀ ቤት ማለት ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1988 በእርስ በርስ ጦርነቱ ከወረደው ቦምብ ግንቡ የተረፈለት ነው። ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ሃርቲሼክ መጠለያ የተሰደዱ ባለቤቶች ከ1991 በኋላ ሲመለሱ በቆመው ድንጋይ ላይ ቆርቆሮ መትተው ገቡ። ወለሉ ገንዘብ በተገኘ ቁጥር ሊሾ ሲደረብበት ኖሯል።

ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ ያየሁት መታጠቢያ ቤት ወለሉ ከመውረጃው ሸሽቶ ወደ በሩ 3 ሴንቲ ሜትር ያዘቀዝቃል። የታጠበ ሁሉ ውሃውን በመጥረጊያ ይመልሳል። ወለሉን አስተካክሎ ሴራሚክ የማንጠፉን ሥራ የያዘው በቶጎ ውጫሌ የተሻገረ ያገራችን ልጅ ነው፤ ለሐርጌሳ ግንባታ የእኛ ሰው እንግዳ አይደለም።

ከስታጃና ከፍራታሶው ይልቅ ዓይኔን የሳበው ውሃ ልክ የሚለካበት ቀጭኑ ላስቲክ ቱቦ ነው። ውሃ ሞልቶት አየር እንዳይቀርበት በጥፍሩ ደጋግሞ መታው፤ አንዲት አረፋ ብትቀር ሁለቱ ጫፎች ይዋሻሉ። ከዚያ አራቱንም ግድግዳ በአንድ ከፍታ ምልክት አደረገባቸውና ከምልክቱ ወደ ታች እየለካ የወለሉን ጉድለት በእርሳስ ጻፈ።

ሳሎን ቢሆን ውሃ ልክ ማድረግ ይበቃ ነበር። መታጠቢያ ቤት ግን በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ወደ መውረጃው መውረድ አለበት፤ ካነሰ ያቁራል፣ ከበዛ ያንሸራትታል። ችኩል ሰው በሩ ሥር ሲሚንቶ ሞልቶ ይገላገላል። ይሄኛው አሰላው፤ መውረጃው ባለበት ከቀረ በሩ ሥር ያለው ሙሌት ከ8 ሴንቲ ስለሚያልፍ መታጠቢያው ከኮሪደሩ በላይ ይሆናል። ውጭ ወጥቶ እስከ ጉድጓዱ ያለውን የቱቦ ቁልቁለት ለካ፤ ተመልሶም ባለቤቲቱን «ኤዶ (አክስቴ)፣ መውረጃውን ዝቅ ላድርገው፤ አንድ ቀን ይጨምሩልኝ» አላቸው። ለእኔ የእጁ ጥበብ ሁሉ እዚህ ውሳኔ ውስጥ አለ።

መውረጃው ዝቅ ካለ በኋላ አሮጌውን ሊሾ በመሮ አቆሳሰለ፣ ጠረገ፣ አረጠበ፣ ቦያካ (በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ) ቀባ። ቦያካው ሳይደርቅ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ የተቦካውን ደፋበት። ውሃው ጥቂት ነው፤ ጨብጦ ሲለቀው ቅርጹን ይይዛል እንጂ ጣቱን አያረጥብም። መጀመሪያ ከየማዕዘኑ ወደ መውረጃው መስመር ዘረጋ፤ መሃሉን ሞልቶ ስታጃውን በመስመሮቹ ላይ ጎተተ። ፊቱን አላለሰለሰውም፤ ሴራሚኩ የሚነክሰው ሻካራ ነገር ይፈልጋል። ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ በሚገዛበት ከተማ ቀኑን ሙሉ ማርከፍከፍ የማይታሰብ ስለሆነ ጆንያ እያራሰ አለበሰው።

ሲጠና አንድ ባልዲ ውሃ በሩ አጠገብ ደፋ። ውሃው ተሰብስቦ ወረደ፤ ግድግዳው ሥር ብቻ ሳንቲም የምታህል ቀረች። እኔ ብሆን አልፋት ነበር። እሱ በእርሳስ ከቦ በማግስቱ ሞላት፤ ከዚያ ወዲያ ነው የሴራሚኩን ካርቶን የከፈተው።