ጊዜ የሌለው ካርታ

ሃይስኩል እያለሁ አቃቂ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከጋዜጣ የቆረጥኩት የባቡር ካርታ ለጥፌ ነበር። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ፣ 2,395 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ሊዘረጋ ነበር። ኢንጂነሪንግ የመረጥኩት ያንን እያየሁ ነው ብል አልዋሸሁም።

ሰሞኑን ካርታውን አውጥቼ እንደ ድርሰት አነበብኩት። ሲያዩት ያምራል፤ ግን ጊዜ የለውም። «ተሠርቷል» እና «ይሠራል» በአንድ ቀለም፣ በአንድ ውፍረት ተሰምረዋል። እኛ ኮድ ስንጽፍ ያለቀውንና የታቀደውን እንዲህ ብንደባልቅ ተጠቃሚው በማግስቱ ይጮህብናል።

ነገሩ የቆየ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ውል በቃል የተሳለ ካርታ ነው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ አድርጎ ነጭ ዓባይ። ባቡሩ ግን ሐረር አልወጣም። በ1895 ከተራራው ሥር፣ ድሬዳዋ ገባ፤ በ1909 በእኛ በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ ደረሰ። ሦስተኛው ክፍል ይኸው እስከ ዛሬ ወረቀት ላይ ነው።

በ1899 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ተቀምጠው በኢትዮጵያ መሬት ማን በየት በኩል ሀዲድ እንደሚዘረጋ ተከፋፈሉ። የአገሩ ባለቤት ፊርማ የለበትም። እዚህ ጋ መስመር መሳል «እሠራለሁ» ሳይሆን «የኔ ነው» ማለት ነው።

የድሮዎቹ የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎችም የራሳቸውን መስመር ቀጥ፣ ደመቅ አድርገው እያሳተሙ አክሲዮንና መሬት ይሸጡ ነበር። ልዩነቱ፣ እዚያ ካርታው ገዢ ይፈልግ ነበር፤ የኔው የፈለገው አማኝ ነው።

ማመኔ አይቆጨኝም። ቀላል ባቡሩ በ2008 መስከረም ቃሊቲ ሥራ ጀመረ፤ የጅቡቲው አዲስ መስመር በ2009 መስከረም ተመረቀ። ከወልድያ መቀሌ ግን ግንባታው ተጀምሮ አላለቀም። ሦስቱም ካርታዬ ላይ እኩል ደምቀዋል።

ትችቴ ይቺው ናት። ማለምን አልቃወምም፤ ሕልሙን ግን በነጠብጣብ ሳሉልን። ነጠብጣብ መስመር የሚያይ ልጅ «መቼ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ድፍን መስመር ስላየሁ ሳልጠይቅ አደግሁ።