ኮሌራና የአንጀት ህዋስ፦ ከጁባ ወረርሽኝ አንጻር

በምግብ የሚተላለፉ የአንጀት ባክቴሪያዎችን የሚመለከተው ጽሑፍ ሁለት ጎራ ይዞ ቆይቷል፤ አንዱ ባክቴሪያው በሰውነት ህዋስ (ሴል) ላይ የሚያደርሰውን ሲመረምር፣ ሌላው ስለ ውኃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ገበያ ያትታል። በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. በጁባ የታወጀውና በደቡብ ሱዳን ከ6,000 በላይ ሰዎችን አሳምሞ ከ160 በላይ የገደለው የኮሌራ ወረርሽኝ ግን ይህ ክፍፍል ጎጂ መሆኑን ያሳያል።

በወቅቱ በጁባ ካውንቲ የተካሄደ ጥናት ከቤት ውጭ መመገብና ጉዞ ከሕመሙ ጋር እንደተያያዙ፣ የመጠጥ ውኃን ማከምና በአፍ የሚሰጠውን ክትባት መውሰድ ግን እንደተከላከሉ አረጋግጧል። ይህን ግኝት በንጽሕና ጉድለት ብቻ መተርጎም አይበቃም። የጨጓራ አሲድ የኮሌራን ባክቴሪያ በብዛት ስለሚገድል ባዶ ሆድ የገባው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል፤ ምግብ ግን የአሲዱን ኃይል ስለሚያበርደው፣ ከምግብ ጋር የተዋጠው ባክቴሪያ በቁጥር እጅግ ቢያንስም ወደ ትንሹ አንጀት ሊያልፍ ይችላል። ኮር ዊሊያምን ጨምሮ በጁባ ሰፈሮች ከነጭ ዓባይ ተቀድቶ በቦቴ የሚሸጥ ውኃ ሳይታከም የምግብ ዕቃ ሲታጠብበት፣ የገበያውና የጨጓራው ጉዳይ አንድ ይሆናል።

ባክቴሪያው አንጀት ሲደርስ እንደ ሽጌላ ህዋሱን ሰብሮ አይገባም። ሽጌላ የአንጀትን ግድግዳ ወርሮ ከህዋስ ወደ ህዋስ እየተሻገረ ስለሚያቆስል ተቅማጡ ደም የተቀላቀለበት ይሆናል፤ የኮሌራ ባክቴሪያ ግን ቀጫጭን ክር መሰል አካላቱን ተጠቅሞ በግድግዳው ላይ ይሰፍርና መርዙን ይለቃል። መርዙ በህዋሱ ገጽ ላይ ካለ ስብ አዘል ሞለኪውል ጋር ተጣብቆ ወደ ውስጥ ከተሳበ በኋላ፣ የህዋሱን የመልእክት ሥርዓት ሳያቋርጥ እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ ክሎራይድ የተባለው የጨው ክፍል ወደ አንጀት ይጎርፋል፣ ውኃም ይከተለዋል፣ በከባድ ሕመም ጊዜ የሚወጣው ፈሳሽ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ይደርሳል። በሽታውን የሚያመጣው መርዝ መሆኑን በ1959 እ.ኤ.አ. በካልካታ በጥንቸል አንጀት ላይ ያሳየው ሳምቡ ናት ዴ የሥራውን ያህል በስሙ አልታወቀም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን ህዋሱ አለመሞቱ ነው። ሶዲየምንና ግሉኮስን አጣምሮ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የህዋሱ መተላለፊያ በመርዙ አይዘጋም፤ ስለዚህ ጨውና ስኳር በልክ ተቀላቅለው ሲጠጡ ውኃው አብሯቸው ወደ ሰውነት ይመለሳል። በኢትዮጵያ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) በተከሰተ ቁጥር የሚታደለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ሊበጠበጥ የሚገባውም ልኩ ሲዛባ፣ በተለይ ስኳሩ ሲበዛ፣ ውኃን ከሰውነት መልሶ ወደ አንጀት ስለሚስብ ነው።

በወቅቱ የታከመ ኮሌራ ከ100 ታማሚዎች ከ1 በታች ይገድላል፤ የ2014ቱ ወረርሽኝ ግን ከ2 በላይ ገድሏል። ልዩነቱን በባክቴሪያው ኃይል ማሳበብ አሳማኝ አይደለም፤ ይልቁንም ብዙዎች ለሕክምና የደረሱት ፈሳሻቸው ካለቀ በኋላ መሆኑን ያመለክታል፤ መጠጣት ላቃተው ታማሚ ደግሞ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልጋል፣ ይህም ጤና ተቋም ይሻል።