አራት ፍሬ

ጎንደር ፒያሳ፣ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተራዬን እጠብቃለሁ። ከፊቴ ጋቢ የደረቡ ጎልማሳ አፍንጫቸውን እየጠረጉ ባንኮኒውን ተደገፉ።

«እቱ፣ እስቲ አራት ፍሬ አምፒሲሊን ስጭኝ።»

«ማዘዣ ይዘዋል ጋሼ?»

«ለጉንፋን ደግሞ የምን ማዘዣ! ሁለቷን እውጣለሁ፤ ከተሻለኝ የቀረችውን ለባለቤቴ አስቀምጣለሁ። እሷንም እያሳላት ነው።»

ልጅቷ ትንሽ አንገራገረች። ከዚያ መቀሱን አንስታ አራቷን ቆርጣ ሰጠቻቸው።

ልፍረድባት? ሕጉ ያለ ማዘዣ አትሽጪ ይላታል። እሷ እምቢ ብትል ግን ሰውየው መንገዱን ተሻግረው ሌላ ቤት ይገባሉ። ይሄንን እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ አምፒሲሊን ደግሞ ቫይረስን አይነካም። በአራተኛው ቀን ሲሻላቸው ምስጋናው ለፍሬዋ ይሆናል እንጂ ጉንፋኑ የሄደው ጊዜውን ጨርሶ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣው የጉሮሮ ሕመም ሌላ ነገር ነው። «ቶንሲል ልብ ይመታል» የሚባለው እውነትነት አለው፤ ለእሱ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ከታዘዘ አሥር ቀን ይወሰዳል። አራት ፍሬ እንግዲህ ለጉንፋኑ ትርፍ፣ ለቶንሲሉ ጎዶሎ ናት።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ባደረገው የኖቤል ንግግሩ እኚህኑ ሰው በምናቡ ፈጥሯቸው ነበር። ጉሮሮውን ያመመው ባል ፔኒሲሊን ገዝቶ ጥቂት ይወስዳል። ተሕዋስያኑ በመሞት ፈንታ መድኃኒቱን ይለምዱታል። ከዚያ ወደ ሚስቱ ይተላለፋሉ፤ እሷ የሳንባ ምች ይዟት ስትታከም ፔኒሲሊኑ አልሠራ ይላል። ትሞታለች።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት ለአገር ጤና መኮንን ስታፈራ በኖረች ከተማ ነው!

ዳባትንና ደባርቅን አልፈን ወደ ጃናሞራ ደጋ ብንወጣ፣ መድኃኒቱ በእርግጥ የሚያስፈልጋት ሕፃን እዚያ፣ ጭስ በሞላው ጎጆ ውስጥ እያቃሰተች ትገኛለች። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የሳንባ ምችን እንዲያክሙ የተፈቀደላቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለሚያስለው ሕፃን መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት ሙሉ ደቂቃ ትንፋሽ ይቆጥራሉ። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለ ሕፃን 50፣ ከዚያ በላይ እስከ አምስት ዓመት 40 ከደረሰ ምች ነው ይላሉ። የገጠሯ ሠራተኛ ትንፋሽ ቆጥራ የምትሰጠውን እኛ ከተሜዎቹ ፍሬ ቆጥረን እንገዛለን። ተሕዋሲው በእኛ ጉሮሮ መድኃኒቱን ከለመደ በኋላ ጃናሞራ ለመውጣት መኪና አያጣም።

ተራዬ ደረሰ። ልጅቷን ልመክራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ለካ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ፣ አምና ሲሻለኝ ያቋረጥኩት አሞክሲሲሊን ግማሹ ተቀምጧል።