የጭንቀት መጠይቅና የመንዝ ብርድ

በዓለም ጤና ድርጅት የተዘጋጀው ኤስ.አር.ኪው-20 የጭንቀትና የድብርት ምልክቶችን «አዎ» ወይም «የለም» በሚያሰኙ 20 ጥያቄዎች ይመዝናል። አጭርና ርካሽ መሆኑ የማይካድ ጥቅሙ ነው። ድክመቱ ከአረዳድ ይጀምራል፤ ኮርትማንና ቴን ሆርን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያ ተጠያቂዎች አንዳንድ ጥያቄዎችን ከታሰበው ውጭ እንደሚረዱ አመልክተዋል። «እጅዎ ይንቀጠቀጣል?» የተባለ የመንዝ ገበሬ ስለ ብርዱ፣ «ቶሎ ይደክምዎታል?» የተባለች የመርሐቤቴ እናት ስለ ሸክሟ ሊመልሱ ይችላሉ። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ጥያቄው ሲነበብለት ደግሞ ጎረቤት ሊሰማ ይችላል፤ ሕይወቱን ስለ ማጥፋት አስቦ እንደሆነ ሲጠየቅ «የለም» ማለት ይቀለዋል።

ይህ ሁሉ መጠይቁን አያስጥልም። ድምሩ ግን ለምርመራ በር ይከፍታል እንጂ ምርመራውን አይተካም። ስለዚህ ባለሙያው ተጠያቂውን ለብቻው አድርጎ፣ ከእያንዳንዱ «አዎ» ቀጥሎ «ከመቼ ጀምሮ? በምን ምክንያት?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።