«ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነበሩ»

በሀገራችን በብዛት ከሚጻፉትና በአደባባይ ከሚነበቡት የዝርው ጽሑፍ ዓይነቶች መካከል ሐያስያን ዞር ብለው ያላዩት አንድ አለ። ይኸውም በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ልብ ወለድ ብዙ ቅጂ ታትሞ አንባቢ ሲጠብቅ፣ ይህ ድርሰት በአንዲት ወረቀት ላይ ሰፍሮ መቶና ሁለት መቶ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ በጸጥታ ያዳምጠዋል፤ ከዚያም ተጣጥፎ ኪስ ይገባል። ለመድረክ የምንጽፍ ሰዎች እንዲህ ያለ ጸጥታ ብናገኝ ምንኛ በታደልን!

ቅርጹን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት በዚህ የሥራ መደብ፣ በዚያም መሥሪያ ቤት በዚያ የሥራ መደብ በቅንነት አገለገሉ፤ ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የዚህ ድርሰት ወላጅ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም፤ የመዝገብ ቤቱ የግል ማኅደር ነው። የቅጥር ዘመን፣ የደረጃ ዕድገት፣ የምስጋና ደብዳቤ ሁሉ በተራቸው ይሰለፋሉ። ማኅደሩ የማያውቀውን ድርሰቱም አያውቅም። ስለዚህ ሙሉ ዕድሜውን ለቤቱና ለልጆቹ ያዋለ ሰው ስለዚህ ትልቅ ሥራው የሚደርሰው ግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ከማይድን በሽታ ጋር የተጋፈጠባቸው የመጨረሻ ወራትም ሌላውን ግማሽ ይወስዳሉ።

ይህን የምለው በሌሎች ለመፍረድ አይደለም፤ ከፈራጁ በፊት ተከሳሹ እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎረቤቴ በጉሮሮ ካንሰር ሞቱ። ሙያቸው የሒሳብ ሥራ ነበር። የዕድራችን ሽማግሌዎች «አንተ ደራሲ አይደለህም ወይ?» ብለው ማኅደሩን አስታቀፉኝ፤ እኔም ሌሊቱን ጻፍሁ። አልዋሽም፤ በቋንቋዬ ረክቼ ነበር። «ቤተሰባቸውን ወዳድ፣ ርኅሩኅና ታታሪ» የሚለውን ሐረግ ስጽፍ ለቤት ያለኝን ዕዳ ሁሉ የከፈልሁ መስሎኝ ነበር።

በሠልስቱ ከድንኳኑ ስገባ ባለቤታቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝና፣ «ጥሩ አድርገው ጽፈዋል፣ እግዜር ይስጥልን። የኛ ሰውዬ ግን አልነበረበትም» አሉኝ። በቃላቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ከብዙ ኂሶች ይልቅ ያ ቃል እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ከዚያ በኋላ በድንኳኑ ውስጥ የሰማሁት ታሪክ እንዲህ ነው። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ለወንድማቸው ነገረ፤ እንደ ልማዳችን ቤተሰቡ መክሮ ከበሽተኛው ሊደብቅ ተስማማ። በሽተኛውም አልጠየቁም። ምግብ መዋጥ እያቃታቸው ሲሄድ ማታ ማታ ከገበታው አልቀሩም፤ ይልቁንም ማጉረስ አበዙ። ከልጅ ወደ ልጅ እጃቸው እየተዘዋወረ፣ አንዱን ሲያጎርሱ ሌላው «አባባ እኔስ?» እያለ፣ ገበታው በሣቅ ከፍ ይላል። እርሳቸው ምንም ሳይቀምሱ መሶቡ ይነሣል። ልጆቹ ይህን ያስተዋሉት ከሞቱ በኋላ ነው።

ሌላም አለ። የልጆቹን ደብተር በጋዜጣ የሚለብዱት፣ በላዩም ስማቸውን በዚያ በሒሳብ ሠራተኛ ቁም ጽሕፈት የሚጽፉት እርሳቸው ነበሩ፤ ይህም ዘወትር የመስከረም ሥራ ነው። በዚያ ዓመት ግን በሰኔ ደብተሩን በደርዘን ገዝተው ለብደው ጨረሱ፤ የሚመጣውን ዓመት ክፍል ጽፈው ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደሩት። ሁለተኛው ልጅ ካርድ ሳይቀበል ወደ ስምንተኛ ክፍል ተዛወረ ማለት ነው! በነሐሴ ዐረፉ። ቤተሰቡ ከእርሳቸው የሚደብቀውን እርሳቸው ከቤተሰቡ ይደብቁ እንደነበር የመሰከረው ያ ቁም ሣጥን ነው። እኔ ግን «ሲረዱ ቆይተው» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሲረዱ የነበሩት እነማንን እንደነበር ሳልጠይቅ።

ያን ምሽት ትዝ ያለኝ የጃፓኑ የፊልም ሊቅ አኪራ ኩሮሳዋ በ1952 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «መኖር» የተሰኘው ሥራ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዋታናቤ የማዘጋጃ ቤት ሹም ነው፤ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ለልጁ ሲል ሌላ ሳያገባ የኖረ፣ የጨጓራ ካንሰር የያዘው ሰው። ሐኪሞቹ ቀላል ቁስለት ነው ብለው ይሸነግሉታል፤ እርሱ ግን ያውቃል። ፊልሙ ወደ ሁለት ሦስተኛው ሲደርስ ሰውየው መሞቱ ይነገረንና የቀረው ታሪክ በለቅሶ ቤት ውስጥ ይተረካል። ምክትል ከንቲባው የሟቹን ሥራ ለራሱ ወስዶ ይሄዳል፤ የሥራ ባልደረቦቹ እየጠጡ ይከራከራሉ፤ መናፈሻ የሠራላቸው የሰፈሩ ሴቶች ግን ምንም ሳይናገሩ አልቅሰው ይወጣሉ። በመጨረሻ አንድ ፖሊስ የሟቹን ባርኔጣ ይዞ ይመጣል፤ በበረዶው ውስጥ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሲዘፍን እንዳየውም ይናገራል። የኩሮሳዋ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ስለ ሰውየው የሚያውቀውና ባርኔጣው የሚያውቀው የተለያየ መሆኑን በአንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ያሳየናል። ሆኖም አባትየው ለልጁ የሆነውን በተመለከተ ፊልሙ ይቸኩላል፤ ልጁ ዘግይቶ ይጸጸታል፣ በቃ። በእኔ አስተያየት የሥራው ጉድለት ይህ ነው።

ፊልሙ መነሻ ያገኘበት የቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» (1886 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከዚህ የመረረ ነው። መጽሐፉ የሚከፈተው ባልደረቦች የሞቱን ማስታወቂያ በጋዜጣ አንብበው ስለሚለቀቀው የሥራ መደብ ሲያስቡ ነው። ማኅደር ማኅደርን ሲያለቅስ ማለት ይህ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ፣ የገጠሩ ለቅሶ ይህን ምሥጢር ከጥንት ያውቅ ነበር። ፈረሱ ተጭኖ ይመጣል፤ ጋሻው፣ ጠመንጃው፣ ልብሱ በአደባባይ ይታያል። ጎበዝ አልቃሽ ስለ ሟቹ ጠይቃ፣ ጠባዩን ለይታ፣ ሙሾዋን በዚያ ላይ ትሠራለች። ግን እናወድሰው ብለን እውነቱን አንሸፍን፤ ሙሾው ይበልጥ የሚያውቀው ጀግናውን፣ አዳኙንና ግብር አብዪውን ነው። ደብተር የሚለብድ አባት ፈረስም ጋሻም የለውም። ለእርሱ የሚሆን ቋንቋ ገና አልሠራንም፤ ወይም ሠርተን ከሆነ ከድንኳኑ አልወጣም።

ምናልባት «መቃብር የግል ጓዳ የሚዘረገፍበት ስፍራ አይደለም፤ ሰው የሚመዘነው ለኅብረተሰቡ ባበረከተው ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ በሕመም የተዋረደ ገላን በአደባባይ መግለጥ ነውር ነው፣ ሟቹም አይፈቅዱም። እኔ የምለው ግን ስለ በሽታው አይደለም፤ በበሽታው ውስጥ ሆነው ስለ ሠሩት ሥራ ነው። ለመሆኑ አምስት ልጆችን ሳያስፈራ ተሰናብቶ መሄድ ለኅብረተሰብ የተበረከተ ነገር ካልሆነ፣ የደረጃ ዕድገቱ ዝርዝር ምኑ ነው? ይህን ድርሰት እንዲጽፍ በየሰፈሩ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ ነው። መምህሩ ማኅደሩን ከመግለጡ በፊት ለግማሽ ሰዓት ከጓዳው ሰዎች ጋር ቢቀመጥ፣ ቁም ሣጥኑን ማን እንደሚከፍትለት አያጣም።

በሙት ዓመታቸው ባለቤታቸውን አስፈቅጄ ሌላ ገጽ ጻፍሁ። የሥራ መደቦቹን በአንድ መስመር አሳለፍኋቸው። ጠላው እየተቀዳ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳለ አነበብሁት። ስለ ጉርሻው የጻፍሁት ላይ ስደርስ የመጨረሻዋ ልጅ፣ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ ከእናቷ ጀርባ ብቅ ብላ፣ «እንደዚያ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚያጎርሰው እማዬን ነበር» አለች። እናቲቱ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ብዕሬን አውጥቼ፣ እዚያው በቆምሁበት፣ መስመሩን ሰርዤ አረምሁት።