የኪችን ካቢኔት በጀልዴሳ ሙቀት ሲቀባ

የኪችን ካቢኔት ቀለም የሚላጠው ብዙ ጊዜ ቀለሙ ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ከሥሩ ቅባት ስለቀረ ነው። ቁሌት ሲንተከተክ የሚነሣው የዘይት እንፋሎት፣ ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስና የከሰሉ ጥላሸት ለዓመታት በሮቹ ላይ ይጋገራሉ። ከምድጃው በላይ ያለው በርና በእጀታው ዙሪያ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ከሁሉም ይብሳሉ። አዲሱ ቀለም በዚያ ላይ ከተቀባ የሚይዘው ቅባቱን እንጂ እንጨቱን አይደለም፤ በወራት ውስጥ በጥፍር ሲነካ ይነሣል።

በጀልዴሳ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ፈተና ነው። ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ይህች ቆላ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዘይላ ወደ ሐረር የሚጓዙ ሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ ነበረች፤ የግመሉ ጭነት ወርዶ ለዳገቱ መንገድ በበቅሎና በአህያ የሚጫነው እዚያ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ ንግዱ ወደዚያ ዞረ፤ ሙቀቱ ግን የቦታው ነውና አብሮ አልሄደም። ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር የውሃ ቀለም ሳይዘረጋጋ ይደርቃል፤ የብሩሹ ጭረትና የሮለሩ መስመርም እንዳለ ይቀራል። የዘይት ቀለም ፊቱ ቶሎ ሲሸፍን ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቆይና ይጨማደዳል። ስለዚህ የመቀባት ሥራ ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ማታም አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን መብራት ሲበራ ነፍሳት እየመጡ እርጥቡ ቀለም ላይ ያርፋሉና ማለዳው ይሻላል።

ሥራው በሮቹን በካቻቢቴ ፈትቶ በማውረድ ይጀመራል። እያንዳንዱ በር ማጠፊያው በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ቀለም በማይነካው ቦታ፣ ቁጥር ይጻፍበታል። ከዚያ በሞቀ ውሃና በዱቄት ሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ኤምዲኤፍ ወይም ቺፑድ ከሆነ ግን በጨርቅ ይወለወላል እንጂ አይነከርም፤ ጠርዙ ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ያበጠም አይመለስም። መጽዳቱን ለማወቅ ጥቂት ውሃ ይረጫል፦ ውሃው ተንጠባጥቦ ክብ ክብ ከሠራ ቅባቱ አለ፤ በስሱ ከተዘረጋ ለቋል። ይህን ሙከራ ሳያልፉ ወደ ቀጣዩ መሄድ የቀለሙን ዋጋ እንደ መጣል ይቆጠራል።

ቀጥሎ በቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት ማንጸባረቁ እስኪጠፋ ይፈገፈጋል። አሮጌ ቀለም ያለበት በር ግን በደረቁ በፍጹም አይፈገፈግም። በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነው ደንብ ቁጥር 429 የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ የዘይት ቀለም፣ በተለይ ደማቁ ቢጫና ቀይ፣ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ውሃ የሚችለውን ወረቀት እያራሱ መፈግፈግ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ዝቃጩን በጨርቅ ሰብስቦ ማስወገድና ልጆችን ከግቢው ማራቅ ይገባል።

የተቦረቦረው በስቱኮ ይደፈናል። ከዚያ ፕራይመር ይቀባል፤ የኤምዲኤፍ ጠርዝ ቀለም ስለሚጠጣ ሁለት ጊዜ ይፈልጋል። ፊቱ ፕላስቲክ ለሆነ ቺፑድ ለለስላሳ ነገር የተሠራ ፕራይመር ካልተገኘ ባይቀባ ይሻላል። ለላሜራ በር አንቲረስት ይቀድማል።

ዋናው ቀለም ስስ ሆኖ ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ በመሃሉም በቁጥር 220 ወረቀት ቀስ ተብሎ ይዳሰሳል። ወፍራም አንድ ቅብ ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማይገባበት ኪችን ወደ ቢጫነት ስለሚሄድ፣ ነጭ ለሚወድ ቤተሰብ የውሃው ይመረጣል።

በሙቀት ቀለሙ በሰዓት ውስጥ በእጅ ቢነካ የደረቀ ይመስላል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። በሮቹ ከተሰቀሉ በኋላም እስከዚያ ድረስ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይወለወሉ እንጂ በሽቦ አይታሹ።