ስለ ፓልም ፓይለት አጭር ሂስ

በ1996 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበችው የኪስ ኮምፒዩተር፥ ፓልም ፓይለት፥ መጠኗ በሚገባ የታሰበበት ነው፤ ፈልሳፊዋ ጄፍ ሆውኪንስ አስቀድሞ በልኳ የተቆረጠ እንጨት በኪሱ እየያዘ ሞክሮታልና። በ1993 የወጣው የአፕል ኒውተን የሰውን የእጅ ጽሕፈት ለማንበብ ሲጥር በስሕተቱ መሳለቂያ ሆኖ ነበር። ፓይለት ግን ሰውዬው ራሱ ግራፊቲ የተባለውን አጻጻፍ እንዲማር ጠየቀች፤ በዚህም እያንዳንዱ ፊደል ከሞላ ጎደል ብዕር ሳይነሣ በአንድ ጭረት ይጻፋል። ብዙዎች ይህን ብልኀት ያለ ገደብ ያመሰግኑታል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ የቀለለው የላቲን ፊደል 26 ብቻ ስለ ሆነ ነው። 33ቱን ፊደላት በ7 ቅርጽ እያባዛን፥ ማለትም በ231 ምልክት፥ ለምንጽፍ ለእኛ ያው ዘዴ ከባድ ሸክም በሆነ ነበር። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ምቹ ነው ከመባሉ በፊት፥ ለማን ጽሕፈት እንደ ተሠራ መጠየቅ ይገባል።